በርኖሱን ማን አወረደው?

በአንኮበሯ ጎረቤላ ስሜ ሲነሳ «ያቺ ሽማግሌ የረገጠችው» እባላለሁ አሉ። ስለ እኔ ያላወራ የለም፤ ከእኔ አፍ የሰማ ግን የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ መናገር አይሆንልኝም። መጻፍ ይቀለኛልና ልጻፈው። የነገሩ መነሻ የተሰበረ የኮምፒውተር ማራገቢያ ነው፤ ትዳር በማራገቢያ ይፈርሳል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁ።

ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብኩ። ልጅ አልወለድንም፤ ሰውም «ሥራ ስትፈታ ምን ታድርግ» እያለ አለፈኝ። ባሌ ሙሉጌታ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። ከማታ ትምህርት ስመለስ ፋኖስ ይዞ መንገድ ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ይህንን አልክድም። እሱ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ይሠራል። እኔ አሥረኛን ያለፍኩ ዓመት ፋኖሱ ቀረ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ገብቼ የሕንፃ ንድፍ መማር ስጀምር ደግሞ ንግግሩም ቀረ። ጠላ ቤት ጓደኞቹ «ሙሌ፣ ሚስትህ ኢንጂነር ሆና ስትመጣ መጋዘኑን ለማን ታስረክባለህ?» እያሉ ይቀልዱበት እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን «ትምህርቱ ይብቃ» አለኝ። አይሆንም አልኩ። ሽማግሌ ገባ። ሰብሳቢው ጋሽ ደምሴ የሁላችንንም ቤት የሚያውቁ፣ ነገር ሲቆርጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲህ ብለው ቆረጡ፦

«እስከ መጪው ዓመት ሰኔ ትማር። በዚያ ከጨረሰች ሥራም ትያዝ፣ እሱም ከልካይ እንዳይሆን። ካልጨረሰች ግን በቃ፤ ሁለተኛ ዓመት ልጨምር የለም፣ ቤቷን ትያዝ።»

ሁለታችንም ተነስተን እሺ አልን። በእኛ አገር እንዲህ ተነስቶ እሺ ያለ ሰው ቃሉን ካጠፈ በቀብሩ ላይም ይነሳበታል።

ያ ሰኔ ደረሰ። የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር፤ የመመረቂያ ንድፌ። ለጎረቤላ አንድ የንባብ ቤት ነድፌ ነበር፤ ጀርባውን ለገደሉና ለጉሙ ሰጥቶ ፊቱን ለጠዋት ፀሐይ የከፈተ፣ መስኮቶቹ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ትከሻ ላይ ብርሃን እንዲጥሉ አድርጌ የለካሁት። እያንዳንዱን መስኮት ደጋግሜ ሰርዤ ሠርቼዋለሁ። ስዕሉ አልቋል። የቀረው ሬንደር የሚሉት ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ በመስመር የተሠራውን ቤት ብርሃንና ጥላ አልብሶ ፎቶግራፍ ያስመስለዋል። ይህ ለኮምፒውተር ከባድ ሥራ ነው፤ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ይፈጃል። ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ደግሞ ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ ግራፊክስ ካርዱ ነው። የእኔ ኮምፒውተር ብዙ እጅ ያለፈበት ነበር፤ ካርዱም እንደዚያው። ደብረ ብርሃን የተከራየሁባት ሴትዮ «መብራት ይበላል» ብላ ስለከለከለችኝ ጎረቤላ ቤታችን አስቀምጬው ዓርብ ዓርብ እየተመለስኩ እሠራበታለሁ።

ማስረከቢያው ሳምንት ሲቀረው የካርዱ ፋን፣ ማራገቢያው፣ እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ይንጫረር ጀመር። ከዚያ አንድ ክንፉ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላው። ካርዱን ነቅዬ በነጠላ ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ለሳሚ ወሰድኩለት። ሳሚ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ሰው ፊት አይመለከትም፣ ዕቃውን ብቻ ነው የሚያየው።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ ጡረታ መውጣት የነበረበት ነው» አለኝ። «ፋኑ ለብቻው አይገኝም። ዓይነቱ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል።»

«ሌላ ፋን ብናስርበትስ?»

«ይታሰራል፤ ግን ደግሞ ምን አስራ እንደመጣች እንዳይሉሽ።» ከሞተ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፋን ፈትቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ካርዱ ላይ ጠፈረልኝ። «ዋናው አየር ነው። የኮምፒውተሩን ጎን ክፍቱን ተዪው፤ ምንም ነገር እንዳይጋርደው። ቤትሽ የት ነበር?»

«ጎረቤላ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል! የአንኮበር ብርድ ያለው ሰው ፋን ይገዛል እንዴ? መስኮት ክፈቺበት!»

እሱ ቀለደ፤ እኔ ግን ይዤው ሄድኩ። ቤት ደርሼ ሞከርኩት። መስኮቱ ሲዘጋ የካርዱ ሙቀት ሽቅብ ይወጣል፤ መስኮቱ ሲከፈት ከገደሉ የሚመጣው ነፋስ መልሶ ያወርደዋል። እየከፈትኩ እየዘጋሁ ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ኮምፒውተሩን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ቅዳሜ ጠዋት ሥራውን አስጀመርኩት። መብራት ካልጠፋ እሑድ ማታ ያልቃል፤ ሰኞ ጠዋት አስረክባለሁ።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሙሉጌታና እናቱ እማማ ዘነበች። እማማ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ሲሄዱ መሬት የጣሉትን የሚፈልጉ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ሁለቱንም አስቀምጬ ነገርኳቸው። መስኮቱ አይዘጋ፤ ዕቃው ላይ ምንም ነገር አይደረግ።

«ኧረ ልጄ፣ እኛን እየበረደን ለብረት መስኮት ይከፈትለታል?» አሉ እማማ።

«ብረቱ ይተኩሰዋል፣ እማማ። ካልተናፈሰ ይቃጠላል።»

«ትኩሳት ያለበት ይሸፈናል እንጂ ይከፈታል እንዴ! ትኩሳት በላብ ነው የሚወጣ። እንዲህ አጋልጠሽው ምች ቢመታውስ?»

ሳቅን። ሙሉጌታም ሳቀ። ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር ሦስታችን አብረን ከሳቅን።

እሑድ ማለዳ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ለቅሶ መጣ። በአሊዩ አምባ መውረጃ ባለ መንደር የምትኖር የሙሉጌታ አጎት ሚስት ሞታለች። ከቤታችን ሰው መሄድ አለበት። ሰባራ ሰበብ ሳልፈልግ ሙሉጌታን ቀና ብዬ አየሁት፤ ዘመዱ የእሱ ነው። ጉልበቱን ያዝ አደረገ።

«ይቺ ጉልበቴ ቁልቁለቱን አትችልም። አንቺ ድረሽልኝ» አለኝ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ድምፅ አዳምጦ ጨመረበት። «ስለሱ አታስቢ። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«መስኮቱ...»

«መስኮቱ አይዘጋ፣ ላዩ ላይ ምንም አይደረግ። ሰምቻለሁ እኮ! ደግሞ ፈተና ልታወጪልኝ ነው?»

ይህንን ቃሉን ልብ በሉልኝ። ጠንቅቆ ነው የመለሰልኝ፤ ተማሪ ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም። ለለቅሶ እየሄድኩ መደሰቴ ነውር መስሎኝ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። «እኔ እጠብቀዋለሁ» አለኝ። ፋኖሱን ይዞ መንገድ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ድንኳን ውስጥ አንዲት የእሱ ዘመድ «ሙሉጌታስ?» ብትለኝ «ማሽኔን እየጠበቀልኝ ነው» አልኳት።

«ማን? ሙሉጌታ? የሚስቱን ማሽን?» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ዋጠችው። ቅር አላለኝም።

ከቀብር በኋላ አልቆየሁም። ዳገቱን ስወጣ ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ አለፈኝ። ቤት ስደርስ በሩ አጠገብ እንኳ ሰው አይታይም። መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ ፀጉር እሳት ሲነካው የሚሸተውን ዓይነት። ከዚያ መስኮቱን አየሁ። ተዘግቷል፤ በውስጥ በኩል ተቀርቅሯል።

እማማ ዘነበች መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው። ኮምፒውተሩ የለበሰው በርኖስ ነው። የሙሉጌታ አባት በርኖስ፣ ከጥቁር በግ ፀጉር የተሠራው፣ ለበዓልና ለትልቅ ለቅሶ ካልሆነ ከተሰቀለበት የማይወርደው፣ አንድ ሰው ለብቻው ሲሸከመው የሚያጎብጠው ያ በርኖስ።

«ቀስ በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጉሙ ሲገባ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ እየጮኸ ነበር። አለበስኩት። አሁን ጸጥ ብሏል፣ እንቅልፍ ወስዶታል።»

በርኖሱን ገለጥኩት። የበርኖሱ ዘርፍ ሳሚ ባሰረው ፋን ውስጥ ገብቶ ተጠምጥሞ አንቆታል። ካርዱን ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። እስኪበርድ ጠብቄ መልሼ ባበራው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። ጥቁር ነው።

አላለቀስኩም። እማማ ናቸው ያለቀሱት። «ገደልኩብሽ? ልጄ፣ ገደልኩብሽ እንዴ?»

ሙሉጌታ ቤት አልነበረም። ሲመጣ እንደማያነክስ አየሁ። ከበሩ ላይ ቆሞ በርኖሱን፣ መስኮቱን፣ እኔን ተራ በተራ ተመለከተ።

«ምን ሆነ?» አለ። ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ! አንቺ ነሽ? ሰው የነገረሽን አትሰሚም እንዴ! ለአፍታ ወጣ ብል ቤት ታፈርሻለሽ!»

እማማ ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ መልሰው ዘጉት።

ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ሥራዬ የተቀመጠበትን የኮምፒውተሩን ሀርድ ዲስክ በቦርሳዬ ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። የመስመር ስዕሎቼ ተርፈዋል፤ ያለቁት ምስሎች ግን ከግማሽ በታች ናቸው። ሳሚ ሱቁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ አስጀመረልኝ፤ ማሽኑ አቅም ስላልነበረው እንደ ቀንድ አውጣ ሄደ። አማካሪዬን ለመንኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። «ማስረከቢያው ለሁሉም እኩል ነው፣ እህቴ። ለአንቺ ብከፍት ለሌላውም መክፈት ሊኖርብኝ ነው» አለኝ። «በሚቀጥለው ዓመት ታቀርቢዋለሽ።» ለእሱ የሚቀጥለው ዓመት ማለት የሚቀጥለው ዓመት ማለት ነው። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው የቆረጡትን አያውቅም።

ተመልሼ ጎረቤላ ገባሁ። በማግስቱ ሙሉጌታ ሥራ ከሄደ በኋላ ቤቱን ስጠርግ ያላየሁትን ነገር አየሁ። በርኖሱ የሚሰቀልበት ችንካር ከበሩ በላይ ነው። እኔ ራሴ እጄን ዘርግቼ አልደርስበትም። እማማ ደግሞ ጀርባቸው ከጎበጠ ወዲህ የትከሻዬን ያህል ከፍታ ላይ ያለ መደርደሪያ ላይ አይደርሱም። መጥረጊያውን አስቀምጬ ፊታቸው ቁጭ አልኩ።

«እማማ፣ በርኖሱን ማን አወረደው?»

የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«እኔ ነጠላ ነበር የጠየቅሁት» አሉ በመጨረሻ። «ጉሙ ሲገባ፣ ‹ልጄ፣ ይሄ ነገር ሊታመም ነው፣ ቀለል ያለች ነገር ጣል እናድርግበት ወይ?› አልኩት። ‹ነጠላ ምን ያደርግለታል፣ ይሄ ይሻላል› ብሎ በርኖሱን አውርዶ አቀበለኝ። መስኮቱንም የቀረቀረው እሱ ነው። የሚያውቅ መስሎኝ! የሚጠብቀው እሱ አይደል?» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «በርኖሱ ከብዶኝ ስንቀጠቀጥ ያገዘኝ ይመስልሻል? ተቀምጦ ነበር የሚያየኝ። እስኪጸጥ ድረስ ነው የተቀመጠ። ከዚያ ‹በይ ደህና ሁኚ› ብሎኝ ወጣ።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በእጁ ሰብሮት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በንዴት የሰበረ ሰው ይጸጸታል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። እሱ ግን የእናቱን ርኅራኄ መዶሻ አደረገው።

ሽማግሌ የጠራሁት እኔ አይደለሁም። እሱ ነው የጠራው፤ ሰኔ አልፏልና ቃሉ ይጽናልኝ ብሎ። ሽማግሌዎቹ እቤታችን ተሰበሰቡ፤ ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ቄስና ሌላ አንድ አዛውንት። ሙሉጌታ ቆሞ አጭርና የተስተካከለ ነገር ተናገረ። እኔ ስነሳ ድምፄ እንደተለመደው ቀጭን ነበር።

«ሥራዬን ያልጨረስኩት በስንፍና አይደለም። የሰው እጅ ገብቶበታል። መስኮቱን የዘጋው፣ በርኖሱን አውርዶ ለእናቱ ያቀበለው እሱ ነው።»

«ውሸት ነው» አለ ሙሉጌታ። «እኔ ወጣ ብዬ ነበር።»

ጋሽ ደምሴ ወደ እማማ ዞሩ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

እማማ ልጃቸውን አላዩም፤ እኔንም አላዩም። «እኔ ነኝ ያወረድኩት» አሉ። «በርጩማ ላይ ወጥቼ።»

«በርጩማ ላይ?»

«በርጩማ ላይ።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ቀና ብለው ችንካሩን አዩ። ከዚያ ያንን ጀርባ አዩ። አዛውንቱ ሳል ያዛቸው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁላቸውም አውቀዋል፣ ማወቃቸውን ግን ማንም ተነስቶ አይናገረውም። የአንድ ቤት ሰላም ከአንዲት ሴት ትምህርት ይበልጥባቸዋል።

«ቃል ከቃል ተጣልቷል» አሉ ጋሽ ደምሴ። «መስቀል ይፍረደው። ወይዘሮ ዘነበች መስቀል ይዘው ይድገሙት፤ ያኔ ሁላችንም እናምናለን።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ጾም አልሻሩም፤ ሞታቸውን ነው በየቀኑ የሚያዘጋጁት። ልጃቸውን ለማዳን ነፍሳቸውን ሊያስይዙ ነው። ሙሉጌታን አየሁት። አሁን ይናገራል፣ አልኩ በሆዴ። ስለ እኔ ባይናገር ስለ እሳቸው ይናገራል። እናቱ ናቸው።

መሬት መሬት ያያል።

የእማማ እጅ ወደ መስቀሉ ሄደ።

«ይቅር፣ አባቶቼ» አልኩ። «አያስምሏቸው። ክሴን አንስቻለሁ።»

የእማማ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ደምሴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ የእፎይታ ነበር። «የተባረክሽ ነሽ። እንግዲያው ያለፈው ቃል ይጽናል። ትምህርቱ በቅቷል፤ ቤትሽን ያዢ።»

«እሱንም አልቀበልም።»

«ምን አልሽ?»

«ነገ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። አልመለስም።»

«አስካለ! ተነስተሽ እሺ ያልሽውን? ሽማግሌ ረግጠሽ?»

መልስ ነበረኝ። ግን የምመልሰው ሁሉ እማማን መልሶ መስቀሉ ፊት የሚያቆም ነበር። ስለዚህ ልብሴን ልሰበስብ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሙሉጌታ ተከትሎኝ መጣ።

«በአንድ ዕቃ ምክንያት?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እጃቸው መስቀሉ ላይ ሊያርፍ ሲል ምን እያሰብክ ነበር?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ማወቅ ፈልጌ ነበር። እስካሁንም አልነገረኝም።

በማግስቱ ወጣሁ። ዓመቱን ደግሜ ሥራዬን አስረከብኩ፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን አንድ ቢሮ ውስጥ የሌሎች ሰዎችን ቤት እነድፋለሁ። የንባብ ቤቱ አልተሠራም። ይሠራልም ብዬ አልጠብቅም።

ይህን የምታነቡ፣ መጨረሻ ላይ ምክር ትጠብቁ ይሆናል። የለኝም። «መከራ ያጠነክራል» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እኔን ያጠነከረኝ አይመስለኝም፤ ያጠበበኝ ነው የሚመስለኝ። ድሮ ሰው «እኔ አለሁልሽ» ሲለኝ ሸክሜ ይቀል ነበር። አሁን የሥራ ባልደረባዬ «ይህን ስዕል እኔ ልጨርስልሽ፣ አንቺ ሂጂ» ሲለኝ አመሰግንና ሳልሄድ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ምናልባት ደግ ሰው ነው። ምናልባት አብዛኞቹ ደጎች ናቸው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሙሉጌታ የወሰደብኝ ዓመቱን አይደለም፣ ዓመት ይደገማል። ቁልቁለቱን ስወርድ የነበረኝን ያንን ደስታ ግን ደግሜ ላገኘው አልቻልኩም።

እማማ ዘነበችን አልጠላኋቸውም። ባለፈው የገና ሰሞን ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አገኘኋቸው፤ አንዲት የጎረቤላ ሴት ደግፋቸው መጥታ ከጎናቸው ሽንኩርት ትመርጥ ነበር። ሲያዩኝ ደነገጡ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። ስለዚያ ቀን እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ ተነጋገርን። ልንለያይ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ እማማ።»

አንገታቸውን እንደምንም ቀና አድርገው መጀመሪያ ግራቸውን፣ ከዚያ ቀኛቸውን፣ ከዚያ ሽንኩርት የምትመርጠውን ሴት ጀርባ አዩ። ማንም እንደማይሰማቸው ሲያረጋግጡ ነው፣ በሹክሹክታ፣ «እሰይ» ያሉኝ።